ግጥሙ አርቦዬ ደረሰ፤ ሥዕሉስ?

የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም መጀመሪያ የሰማሁት አርቦዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአማርኛ መምህራችን «ሀገሬ»ን በቃላቸው ወጡልን። መጽሐፍ አልያዙም፤ ሰሌዳው ላይም አልጻፉትም። ዓይናቸውን በመስኮቱ አሻግረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ዘለቁት፤ ደወል ተደውሎ እንኳ ቶሎ የተነሣ አልነበረም። ገጣሚው ሠዓሊም እንደ ነበር የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ባልንጀራዬ እጁን አወጣና «ሥዕሎቹስ የት አሉ?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ ጥቂት አሰቡና «አዲስ አበባ ይሆናሉ እንግዲህ» አሉ።

ያ ባልንጀራዬ ራሱ ይሥል ነበር። የባዮሎጂውን ልብ፣ የጂኦግራፊውን ካርታ ለክፍሉ ሁሉ የሚሥለው እሱ ነው። እኔም እንደ እሱ መሣል እመኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀለም ገንዘብ ይጠይቃል፣ ግጥም ደግሞ አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል። ስለዚህ ወደ ግጥሙ አደላሁ። እሱ በሥዕሉ ጸና።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሥዕል ማሳያ ቤቶች ልጽፍ ተነሥቼ በግጥም የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግጥም የመኪና ሂሳብ አይከፍልም። አንድ ሰው በቃሉ ይዞት ይወጣል፣ ሌላው ከአፉ ይቀበለዋል፤ ገጣሚው ቢሰደድ፣ ቢሞት፣ መጽሐፉ ባይታተም እንኳ መንገዱን ያገኛል። የገብረ ክርስቶስ ግጥሞች «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በመጽሐፍ የተሰበሰቡት እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የቃሉ ግጥም ግን መጽሐፉን ሳይጠብቅ ከእኛ ክፍል ገብቷል። ሥዕል እንዲህ አይደለም። ሥዕል እንደ ሰው አንድ አካል አለው፤ አንድ ቦታ ካለ ሌላ ቦታ የለም። የሥዕል ታሪክ ስንል ግማሹ የግድግዳ ታሪክ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ነው፤ ማን ግድግዳ ሰጠው? በሩስ ለማን ተከፈተ?

አርቦዬ ውስጥ የሥዕል ግድግዳ ልፈልግ ብል ብዙ አላገኝም። በየምግብ ቤቱ ፏፏቴና የፍራፍሬ ሳሕን የታተመበት ፖስተር ተለጥፏል፤ ፏፏቴው የየት አገር እንደ ሆነ ባለቤቱም አያውቀውም። በየቤቱ የቅዱሳን ሥዕል አለ። የዘመን መቁጠሪያ አለ። ከዚህ ውጭ ሰው ሁሉ በእጁ የሚይዘው ሥዕል ቢኖር የብር ኖት ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ይህን ከሌላው ይልቅ አስተውያለሁ። በ2013 ዓ.ም. ኖቱ ሲቀየር፣ በአሮጌው አሥር ብር ላይ ስፌት የምትሰፋዋን ሴትና በመቶው ላይ በበሬ የሚያርሰውን ገበሬ በጥቅል በጥቅል እያሰርኩ ስመልስ ያዘንኩት ለገንዘቡ አልነበረም።

ድሮ ግን ግድግዳ ጠፍቶ አያውቅም። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የሥዕል ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ በጥጥ ሸማ ላይ ይሥልና ሸማውን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ፣ ከሓዲው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ ይሣላል፤ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ከዚያ ይለያል። ሥዕሉን ልግዛው የሚል የለም። ሠዓሊውም ብዙውን ጊዜ ስሙን አይጽፍም።

አርሲም የራሱ ግድግዳ ነበረው፤ መቃብር። ከሻሸመኔ በኮፈሌ በኩል ወደ ዶዶላ የተጓዘ ሰው ከመንገዱ ዳር በደማቅ ቀለም የተሣሉ የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮችን ሳያይ አያልፍም። ሟቹ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ ጦሩን እንደ ጨበጠ ይታያል፤ ከብቱ አለ፣ አንበሳ አለ። ጥንታውያኑ በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቀለሙና ሲሚንቶው እየቆየ መጣ። ጣሪያ የሌለው፣ በር የሌለው፣ ትኬት የማይቆረጥበት ማሳያ ነው። ከአውቶቡስ መስኮት ያየው ሁሉ ተመልካች ነው። የሥዕል ታሪካችንን የሚጽፉ ሰዎች ከገዳማቱ ተነሥተው በቀጥታ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በዚህ መንገድ ዳር ቆም ቢሉ ምን ነበረበት እላለሁ።

አዲስ አበባ የገባው ሥዕል ግን አዲስ ነገር ገጠመው፤ ዋጋ። ከአድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች በከተማዪቱ ሲበዙ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ ሠዓልያን ለሽያጭ መሣል ጀመሩ። የአድዋን ጦርነት፣ አደኑን፣ ግብሩን፣ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በተርታ በተርታ ሣሉ፤ በላቸው ይመር ከእነዚህ ሠዓልያን ስማቸው ከቆየልን አንዱ ናቸው። ዋጋ የወጣለት ሥዕል ግን ከገዢው ጋር ይሄዳል። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ሙዚየሞች የአድዋ ሥዕል ተሰቅሎ የምናገኘው ከዚሁ የተነሣ ነው። የድሉን ሥዕል ለማየት ቪዛ መጠየቅ ያለብን ሕዝብ ሆንን ማለት ነው።

ዘመናዊው ሥዕል ሲመጣም ጥያቄው አብሮ መጣ። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው ተመልሰው ትምህርቱን ለሌሎች ለማካፈል ደከሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ እ.ኤ.አ. በ1950 ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1954 አፈወርቅ ተክሌ ከለንደን ትምህርታቸው ተመልሰው የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን ሲያሳዩ፣ የታየው በጋለሪ ሳይሆን በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል። እንግዲህ የሚሥል ትውልድ መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የአፈወርቅ የመስተዋት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ በአፍሪካ አዳራሽ ተተከለ። ታላቅ ግድግዳ ነው፤ ግን የመሪዎችና የዲፕሎማቶች ግድግዳ ነው።

ገብረ ክርስቶስ የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወለደ፤ አባቱ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ሥራዎቹን አሳየ። ተመልካቹ ቅዱስ ወይም ጦረኛ ወይም መልክዐ ምድር ጠብቆ መጣ፤ ያገኘው ቀለምና ቅርጽ ነው። ምንድን ነው ይሄ? አበሻ እንዲህ ይሥላል? ክርክሩ ረጅም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ ጥያቄው ግን በሽልማት የሚዘጋ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚጥም ነገር አለ። ያንን ሥዕል ለአንባቢ ሊያስረዳ ብዕሩን ካነሡት ሰዎች አንዱ ሌላ ገጣሚ ነበር፤ ሰሎሞን ደሬሳ። እ.ኤ.አ. በ1967 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ ስለ ገብረ ክርስቶስ ሲጽፍ ሥዕሉንና ግጥሙን አንድ ላይ ይዞ ነው። ገና አገሩ ውስጥ ጋለሪ የሚባል ነገር ሳይደላደል፣ ለረቂቁ ሥዕል ግድግዳ የሆነው የመጽሔት ገጽ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ግድግዳ በሽ በሽ ሆነ! በየአደባባዩ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በሰልፍ ቆሙ፤ ሠዓሊው ከሸራ ወደ ፖስተር ተመራ። ይሁን እንጂ ዘመኑን በጅምላ መኮነን አልሻም። ከወሎ ረሃብ የሸሹትን ሰዎች ረጅም ሰልፍ እሸቱ ጥሩነህ ገና ተማሪ ሳሉ በለውጡ ዋዜማና ማግሥት ሣሉት፤ ከዚያ የበለጠ ፊት ለፊት የሚያይ ሥዕል ከዚያ ትውልድ አላውቅም። ገብረ ክርስቶስ ግን በዚያ አገር ውስጥ ብዙ አልቆየም። ተሰደደ፤ ጀርመንን ረግጦ አሜሪካ ደረሰና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1981 ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሥዕሎቹ ከፊሎቹ ጀርመን አገር ቀሩ። መምህራችን «አዲስ አበባ ይሆናሉ» ሲሉ ልባቸው እንዳልቆረጠ ዛሬ ይገባኛል።

በነዚያ ዓመታት ሠዓሊ ሥራውን የሚያሳየው ባመዛኙ በውጭ አገር የባህል ተቋማት ነበር፤ በጀርመኑ ጎተ፣ በፈረንሳዩ አሊያንስ፣ በጣሊያኑ፣ በሩሲያው። ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ግድግዳው የእንግዳ ነው፤ በእንግዳ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሚመርጠውም እንግዳው ነው። ከደርግ መውደቅ በኋላ የግል ጋለሪዎች ሲከፈቱ የመጣው ለውጥ ትልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቆንጂት ስዩም እ.ኤ.አ. በ1996 አስኒ ጋለሪን መሠረተች። ስሙን እንደ ምሳሌ የማነሣው ከሌሎቹ አስበልጬ አይደለም፤ ጋለሪ ሱቅ ብቻ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ሱቅ ያለውን ዕቃ ይደረድራል። ጋለሪ ግን አንድ ሠዓሊ መርጦ «ይህን ሰው እዩት» ይላል፤ ሥዕሉን በየትኛው ብርሃን፣ ከየትኛው ሥዕል ጎን እንደሚሰቅለው ይጨነቃል፤ ጥሪ ይልካል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ያወያያል። አሳታሚ ለመጽሐፍ፣ ሐያሲ ለግጥም የሚያደርገውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደርጋል። ስንት ገጣሚ «እዩት» የሚለው አጥቶ እንደ ቀረ የምናውቅ ሰዎች ይህ አይጠፋንም።

የሆነ ሆኖ ጋለሪውም ይበላል፤ ኪራይ አለበት። ካልሸጠ ይዘጋል። የሚገዛው ደግሞ ለብዙ ዘመን ባመዛኙ የውጭ አገር ሰው ነበር። ለሁለት ሳምንት የታየው ሥዕል በሦስተኛው ሳምንት ተጠቅልሎ ይሄዳል። በእኛ በባንክ ሠራተኞች ዓይን ሥዕል እስከ ዛሬ ንብረት ሆኖ አልተቆጠረም፤ ቤት በዋስትና ይያዛል፣ መኪና ይያዛል፣ በመጋዘን ያለ ቡና ይያዛል፤ ሸራ ይዞ ብድር የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ቢመጣም የትኛው ቅጽ ላይ እንደምሞላው አላውቅም። ገንዘብ ያለው ሰውም ከእኛ የተለየ አያስብም። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው አዲስ ፋይን አርት ለንደንም ቦታ ከፍቶ፣ የአንጋፋውን የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን ሥራዎች በዚያ አሳይቷል። ታደሰ የሚሥሉት ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶችን ነው፤ ረጃጅም፣ ዝምተኛ፣ እንደ ምሰሶ የቆሙ። ኩራት ተሰማኝ። ወዲያውም ከባንኩ በር ፊት ለፊት ቲማቲምና ሽንኩርት የሚደረድሩትን እናቶች አየሁ። የእነርሱ አምሳል ለንደን ደርሷል፤ እነርሱ ጋ ግን አልደረሰም።

ለመሸጥ የማይቸኩል ግድግዳም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስድስት ኪሎ አካባቢ ተከፈተ። ለዓመታት ጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩት ሥዕሎቹ ተመልሰው የማእከሉ መሠረት ሆኑ። ሠዓሊው በባዕድ አገር ቀረ፤ ሥዕሎቹ አገራቸው ገቡ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። የዘጠነኛ ክፍሉን ጥያቄ መልስ ልወስድ የሄድኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ግጥሙን በቃሌ ይዤ ስለ መጣሁ በሸራው ላይ ያንኑ ግጥም ፈለግሁ፤ የለም። አንዱን ሥዕል በመጽሐፍ ታትሞ አይቼው ነበር፤ እዚያ ስቆም ግን ሌላ ነው። የብሩሹ መንገድ ይታያል። እጁ የቸኮለበትና የዘገየበት ይለያል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ይለወጣል፣ ወደ ጎን ስል ደግሞ ሌላ ይሆናል። ይህን ማንም በቃሉ ይዞ አርቦዬ ሊያመጣልኝ አይችልም ነበር። እኔም ለባልንጀራዬ ልወስድለት አልቻልኩም። ስልክ ደውዬ ልነግረው ሞከርኩ፤ «ምን ዓይነት ሰማያዊ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እሱ በዚያን ጊዜ አዳማ ሆኖ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፤ ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለፀጉር ቤት የሴት ራስ ይሥላል። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ያጥበዋል፤ መስከረም ላይ እንደገና ይጠራል። አንድ ጊዜ ቢሾፍቱ አብረን ወርደን የለማ ጉያን ጋለሪ አየን። ለማ ጉያ የአየር ኃይል ሰው የነበሩ፣ በኋላ ሕይወታቸውን ለሥዕል የሰጡ፣ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁ አንጋፋ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ጋለሪያቸው በራሳቸው ከተማ፣ ተወልደው ባደጉበት አገር ነው። አዲስ አበባ ካልገባሁ ብሎ ያልተጨነቀ ግድግዳ ያየሁት ያኔ ነው። ባልንጀራዬ ከአንዱ ቆዳ ፊት ለፊት ብዙ ቆመ። ከውጭ የሚመጣ ሸራና የዘይት ቀለም ዋጋው እንደማይቀመስ ሁልጊዜ ያማርር ነበር። በመመለሻችን መኪና ውስጥ ሞጆን እስክናልፍ ዝም ብሎ ቆየና «ፍየልማ አርቦዬም አለ» አለኝ።

ሦስት ቆዳ አበላሽቶ በአራተኛው ተሳካለት። የሣለው ፈረሰኛ ነው፤ እንደዚያ እንደ ዶዶላ መንገድ መቃብሮች ጎኑን የሰጠ ፈረስ፣ ጦር የያዘ ሰው፣ ከበስተኋላው ቀይ አፈር። ሥዕሉን እኔ በምሠራበት ቤት አዳራሽ እንሰቅለው ዘንድ ጠይቄ ነበር፤ ግድግዳው ለማስታወቂያ ብቻ ነው ተባልኩ። የወለድ መጣኔ የተጻፈበት ወረቀት አሁንም እዚያው አለ። በመጨረሻ ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት የፏፏቴውን ፖስተር አንሥታ ቦታውን ሰጠችው።

አንድ የገበያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ገቡ። ሻይ አዘዙ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሥዕሉን አዩት። ኋላ ወደ እኛ ዞሩና በኦሮምኛ «ፈረሱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የማንም አይደለም አባባ፤ ከሐሳቤ ነው የሣልኩት» አላቸው ባልንጀራዬ።

አልተዋጠላቸውም። የፈረሱን ግንባር በበትራቸው ጫፍ እያመለከቱ አባታቸው እንዲህ ያለ ባለ ነጭ ግንባር ፈረስ እንደ ነበራቸው፣ ስሙን ጠርተው፣ የሞተበትን ወንዝ ጠርተው ነገሩን። ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁለት እኩዮቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ፤ ባለቤቷንም ጠረጴዛውን ትንሽ ከግድግዳው ፈቀቅ እንድታደርግላቸው ለመኗት፤ ቀርበው ሊያዩት ነው።